ክላሹን ሲገዛ ማን ጠየቀው?

ከጋይንት ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ አሻራ ሰጥታ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ታወጣለች። ሰው አቁስሎ ታስሮ የወጣ ግን በሬውን ሸጦ ክላሽ ሲገዛ የሚጠይቀው የለም።

የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ስማዳ ውስጥ 19 ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ መዝገብ ከልቤ አይወጣም። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣሉ፤ አንደኛው የሌላውን እግር በጥይት መታው። ተፈረደበት፣ መሣሪያው ተወረሰ። በተፈታ በዓመቱ፣ እህል ገብቶ ብር ሲገኝ፣ ሌላ ክላሽ አንግቶ አየሁት። የሸጠለት ሰው ስለ ታሪኩ ምንም አልጠየቀም። ማንንም አልገደለበትም። እግሩን የሚጎትተው ጎረቤቱ ግን ያንን አፈሙዝ እያየ ማረስ አቃተው፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ወደ መተማ ወረደ። ተፈርዶለት ሳለ አገሩን የለቀቀው ተበዳዩ ነው።

በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ መታጠቅ ልማድ በሆነበት አካባቢ ደግሞ አስመዝግቦ መያዝን ይፈቅዳል። የእኛ አገር ግብይት ግን በጓዳ ነው። መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ አሜሪካ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት መሣሪያ እንዳይገዛ በ1968 እ.ኤ.አ. ከልክላ፣ ፈቃድ ያለው ነጋዴ የገዢው መዝገብ ሳይጣራ እንዳይሸጥ ሕግ ያወጣችው በ1993 ነው። እስከዚያ በፌዴራል ሕጉ ገዢው ራሱ የሚሰጠው ቃል ይበቃ ነበር።

ያን ጎረቤቱን ያቆሰለውን ሰው አንድ ቀን ገበያ መንገድ ላይ አግኝቼ፣ «አያ፣ ደግሞ ታጠቁ?» አልኩት። «እትዬ፣ ባዶ እጄን ካዩኝ የሚያሳድሩኝ ይመስልዎታል?» አለኝ። እውነቱን ነበር። የቁስለኛው ወንድሞች ታጥቀዋል፤ ደም መላሽ ባለበት አገር አንዱን ብቻ ትጥቅ አስፈትቶ መተው ለገዳይ አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለዚህ የመሣሪያው ክልከላ ከሽማግሌ ዕርቅ ጋር ይታሰር እላለሁ። ሽማግሌዎች ካሣ ሲቆርጡና ተያዥ ሲያስጠሩ፣ ጥፋተኛው መሣሪያ እንዳይገዛ፣ የተበዳይ ወገንም መሣሪያ ይዞ ደጁ እንዳይደርስ በውሉ ያስገቡ። የውሉ ቅጂ ቀበሌና ፖሊስ ዘንድ ይቀመጥ። ክልከላው እንጨት ቆርጦ የተቀጣውን ድሃ አይመለከትም፤ በሰው ላይ እጁን ያነሣውን ነው። ለዘላለምም አይሁን፤ የወንጀል ሕጋችን ቅጣቱን ጨርሶ በመልካም የኖረ ሰው «መሰየም»፣ ማለትም መብቱ ሊመለስለት፣ የሚችልበትን በር አኑሯል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን አማራ በጦርነት ውስጥ ነው፤ በዚህ ሰዓት ማን ይሰማል የሚሉኝ አሉ። የድንበር ጠብ ጦርነቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ያ ሻጭ ከቢሮአችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ይኖር ነበር። መጥቶ ቢጠይቀኝ መዝገቡን ከመደርደሪያው አውርጄ አሳየው ነበር።