ፌስታሉ ከታገደ በኋላ፦ የኢፍጧር ዘንቢል ወደየት?

የረመዳን ወር ሲገባ የገበያው መልክ ይለወጣል። ከዐሱር ሶላት በኋላ ቴምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሙዙና ብርቱካኑ በየመንገዱ ዳር ይደረደራል። ወደ ቤቱ የሚቻኮለው ጾመኛም ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት እየገዛ ያልፋል። ለዓመታት ያ ጥቂት ነገር ሁሉ የየራሱ ፌስታል ነበረው። አንድ አባወራ ለአንድ ማፍጠሪያ አራትና አምስት ፌስታል ይዞ ቢገባ የሚገርመው አልነበረም።

ይህ ልማድ አሁን ከሕግ ጋር ተጋጭቷል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣል የፕላስቲክ ከረጢትን አግዷል። ክልከላው ለአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በነፃ የሚሰጥና በየሱቁ የሚገኝ ነገር፣ ምትክ ካልተበጀለት በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «በምን እንተካው?» የሚለው ነው።

የጎረቤት ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ኬንያ ፌስታልን በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስታግድ፣ ጨርቅ የሚመስል ርካሽ ከረጢት ቦታውን ያዘ። ይህ ከረጢት ጨርቅ ቢመስልም የሚሠራው ከፕላስቲክ ክር ነው። ስስ ሆኖ ሲመረት አንዴ ተይዞ የሚጣል ሆነ፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም በ2019 እሱንም ለማገድ ወሰነ። በእኛም ሱቆች ይኸው ከረጢት እየተሸጠ ነው። በየቀኑ አዲስ እየገዛን የምንጥለው ከሆነ፣ ያደረግነው ነገር ፌስታሉን በሌላ ፌስታል መለወጥ ብቻ ነው።

ደግነቱ፣ ያለውን ዕቃ ለሌላ ሥራ ማዋል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የመርካቶው ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ወደ ምድጃና ወደ ሌላ የቤት ዕቃ የሚለወጥበት ሠፈር ነው። ቆራሌው በየበሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ ይገዛል። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ የድሃ ጫማ ነበር፤ ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሠፈር የመሠረተችው ሶል ሬብልስ ግን ያንኑ የጎማ ሶል ይዞ ውጭ አገር ገበያ ገብቷል። የሐረር እናቶችም ከሣርና ከስንደዶ የሚሰፉት ስፌት የቤታቸው ጌጥም መገልገያም ሆኖ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። እጁና ጥበቡ አለን። የጎደለው ለዚህ ሥራ የምንሰጠው ክብር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውንም ይሰፉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ የተጣፈ ዘንቢል ይዞ ገበያ ቢወጣ ምንም አያሳፍረውም።

አንድ ነገር ግን መለየት ይገባል። ከሃይላንድ ጠርሙስ ከልጆች ጋር የረመዳን ፋኖስ መሥራት ደስ ይላል፤ ልጆችንም ያስተምራል። ነገር ግን ፋኖሱ በዒድ ማግሥት የሚጣል ከሆነ፣ ጠርሙሱ ወደ ቆሻሻ የሚሄድበት ቀን ለአንድ ወር ተራዘመ እንጂ አልቀረም። እንዲያውም ቀለምና ሙጫ ስለነካው ቆራሌውም ላይወስደው ይችላል። መለኪያው ይህ ይሁን፦ የሠራነው ነገር ልንገዛው የነበረውን ሌላ ዕቃ አስቀርቶልናል? ለመጪው ረመዳንስ ይቆያል?

በዚህ መለኪያ የሚያዋጡት ሥራዎች ቀላል ናቸው። ያረጀ አንሶላ ወይም ጀለቢያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቢወሰድ ሁለት ሦስት ጠንካራ የገበያ ከረጢት ይወጣዋል። የጤፍና የስኳር ማዳበሪያም ታጥቦ፣ እጀታ ተሰፍቶለት ለዓመታት ያገለግላል። ለሳምቡሳ ክዳን ያለው ሰሃን ከቤት ይዞ መሄድ ይበቃል፤ ትኩስና ዘይት የነካው ምግብ በፕላስቲክ መያዙም ለጤና አይመከርም። በመስጊድ የጋራ ኢፍጧር ላይ በየሰው ሃይላንድ ከማደል፣ ቧንቧ ያለው ጀሪካንና የሚታጠብ ኩባያ ማቅረብ ይቻላል። ባዶ ሃይላንድ ካለም ሳይቆሽሽ ለብቻው ተጠራቅሞ ለቆራሌው ይሰጥ። ኬሚካል የነበረበትን ጠርሙስ ግን ለውኃም ለምግብም አለመጠቀም፣ ከሰልንም በፌስታል አለማቀጣጠል ያስፈልጋል፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ይህ ሁሉ የቤት ጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው። ከየቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ ዐረፍተ ቦታው እንዲህ ያለ የሰው ደጃፍ ነው።

የአዋጁም ሸክም ቢሆን በእኩል አይወድቅም። ትልቁ ሱቅ የወረቀት ከረጢት አስመጥቶ ዋጋውን ዕቃው ላይ ይጨምራል። በመንገድ ዳር ሳምቡሳ የምትሸጠው እናት ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርላታል፦ የታገደውን ፌስታል ሰጥቶ ለቅጣት መጋለጥ፣ ወይም መያዣ ያልያዘውን ደንበኛ መመለስ። መንግሥት ርካሽና ዘላቂ ምትክ እንዲመረት፣ ልብስ ሰፊዎችና ስፌት ሠሪ ማኅበራትም ገበያ እንዲያገኙ ማገዝ አለበት። እስከዚያው ግን ከዐሱር በኋላ ዘንቢልና ሰሃን ይዞ የሚወጣ ገዢ፣ ያቺን እናት ከቅጣትም ከኪሳራም ያድናታል። ይህም በወሩ ከሚሰጡት ሰደቃዎች እንደ አንዱ ሊታሰብ ይችላል።