«ንፋስ ወሰደው» አትበሉኝ

ሰሞኑን እዚሁ ሱሉልታ፣ የአንድ ጎረቤቴ ቤት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሦስት አጥር ተሻግሮ ወደቀ። የወደቀው ልጆች ሲጫወቱበት የነበረ ሜዳ ላይ ነው። እናታቸው ለምሳ ከጠራቻቸው ገና አምስት ደቂቃ አልሞላም። «ተመስገን» ተባለ፣ እኔም አልኩ። ግን አናጺው መጥቶ «ጋሼ፣ ንፋስ ነው፣ ምን ይደረጋል» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

ካይት ሰርፊንግ የሚባል ስፖርት አለ። ሰውየው ውሃ ላይ ሳንቃ ረግጦ ይቆምና ሰማይ ላይ ያለ ትልቅ ሸራ በገመድ ይጎትተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ገብቷል። ቀለል ያለ ንፋስ ካለ 12 ካሬ ሜትር ሸራ ይይዛል፣ ከበረታ ወደ 7 ይወርዳል። ንፋሱ እየቆየ ድንገት የሚመታ ከሆነ ደግሞ ሸራውን የሚመርጠው ለአማካዩ ሳይሆን ለወጀቡ ነው። ለአማካዩ ከመረጠ አንዷ ወጀብ አንስታ ባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ትጥለዋለች። ቢሳሳት እንኳ ሸራውን የሚለቅበት መፍቻ አለው።

የኛ ጣሪያ መፍቻ የለውም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጻፍኩላችሁ? የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሱሉልታ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ይሳሳል። እሱን ቀንሰን እናስላ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ይገፋል። 72 ሲደርስ 18 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ላይ በግርድፉ ወደ 30 ኪሎ ማለት ነው። ጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

«ድንጋይ ጫንበት» የምትሉ፣ አምስት ኪሎ ድንጋይ 30 ኪሎ ይይዛል? አብሮ ነው የሚበረው።

ሰበታ ሂዱ፣ ቡራዩ ሂዱ፣ የኪራይ ሰርቪስ ቤቶቹን ቀና ብላችሁ እዩ። ሞራሌው ተራርቋል። ምስማሩ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ተደርጓል፣ ጎማ የለውም። ለውበት ተብሎ ክፈፉ ከግድግዳው ሜትር ወጥቷል፣ ንፋስ ከሥር ገብቶ እንዲያነሳው። ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር የሚያስር ሽቦ ፈልጉ፣ አታገኙም። አንድ ጥግ ከላላ በኋላ ያ ቆርቆሮ ካይት ነው፣ ያውም ያዥ የሌለው።

«ድህነት ነው» ትሉኛላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። 35 ጌጅ የሚገዛው 28 የሚገዛበት ስላጣ ነው (ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አትርሱ)። ግን ምስማርና ሽቦ ከቤቱ ወጪ ስንት ነው? ባለቤቱ ምስማር ቆጥቦ ኪራይ ይሰበስባል፣ ዝናብ ሲገባ ፍራሽ የሚያጣው ተከራይ ነው። እግዜርን ከዚህ አታግቡት።

ስለዚህ ለአዘቦት ቀን አትሥሩ፣ ለወጀቡ ሥሩ። ጠርዙ ላይ ምስማር አብዙ፣ ክፈፉን አሳጥሩ፣ ሞራሌውን ከግድግዳው እሰሩ። ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሳው ንፋስ ሳይመጣ፣ ዛሬ ቀና በሉና ጣሪያችሁን እዩ። የላላ ጥግ ካለ ነገ አትበሉ።

አናጺ ወዳጆቼ፣ ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ኑና እንከራከር፤ ቡና በእኔ።