የቆመ መኪና የዋስትና ቀን አይቆጠርበትም!

ክቡራን የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

የማኅበራችን ሚኒባስ የት ገባች እያላችሁ በየመንገዱ ለምትጠይቁን ሁሉ መልሳችን ይኸው። ከጥቅምት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ዛሬ መጋቢት ድረስ በአስመጪው ድርጅት ጋራዥ ግቢ አቧራ ለብሳ ቆማለች። አምስት ወር ሙሉ! የተበላሸው ካምቢዮዋ ነው። ከተገዛች ገና ስምንት ወሯ ስለነበረ ጥገናው በዋስትና ነው፣ አትከፍሉም ተባልን፤ ደስም አለን። መለዋወጫው ግን የለም። «በሚመጣው ሳምንት» ይሉናል፤ ሳምንቱ ይመጣል፣ ዕቃው አይመጣም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸ ነው።

ይህች መኪና ለቅንጦት አልተገዛችም። ከየቤቱ በየወሩ ተዋጥቶ የተገዛችው ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር እንድታመላልስ፣ በሽተኛም እንድታደርስ ነው። አሁን ለቅሶ በሆነ ቁጥር አይሱዙ እየተከራየን ከማኅበሩ ሣጥን እንከፍላለን። በታኅሣሥ አንዲት ጎረቤታችን በሌሊት ምጥ ይዟት የየሰዉን በር እያንኳኳን መኪና ለምነናል። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተገላገለች፤ ባይሆን ኖሮ ማን ሊጠየቅ ነበር?

ምክንያታቸውን ሰምተናል። ድሮ «የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ላይ ነን» ይባል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ «ዋጋው ናረብን» ሆነ። መርከቡ፣ ጅቡቲው፣ ጉምሩኩ ይጨመርበታል። ችግሩ ውሸት ነው አንልም። ነገር ግን በዚያው ድርጅት መሸጫ ያው ዓይነት አዳዲስ ሚኒባሶች ተደርድረው በዓይናችን አይተናል። ሙሉ መኪና ለማስመጣት የተገኘ ምንዛሪ ለአንድ ካምቢዮ እንዴት ጠፋ? የሚሸጠው ይመጣል፣ የተሸጠው ይጠብቃል! ዋስትና ምጽዋት አይደለም፤ መኪናዋን ስንገዛ አብረን የከፈልንበት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ይኸ ነው። ዋስትናው 2 ዓመት ነው፤ መኪናዋ ስትቆም ግን የዋስትናው ቀን አልቆመም። ከ24ቱ ወር 5ቱ እንዲሁ ተበልቷል። እነሱ በዘገዩ ቁጥር የኛ መብት ያጥራል፣ የነሱ ግዴታ ይቀላል። ይኸ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ሶማሌ ተራ ወርደን ዕቃውን ገዝተን በሌላ መካኒክ እናሠራ ብንል ደግሞ ዋስትናው ይሰረዛል ይላል ወረቀቱ። እግራችንን አስረው ሩጡ ይሉናል።

ጥፋቱ የኛም ነው፤ አንሸሽግም። ውሉን ስንፈርም ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አላየንም። መለዋወጫ በስንት ቀን መቅረብ እንዳለበት አንድ መስመር እንኳ የለበትም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ የሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነው። መኪና ግን እንደኛዋ በስምንተኛ ወሩ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚገለጠው ውሉ ነው። ስለዚህ ሳትፈርሙ አንብቡ፤ ማንበብ ለሚቸግራችሁ ጽሕፈት ቤታችን ክፍት ነው።

ለድርጅቱ በጽሑፍ የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ መለዋወጫው የታዘዘበትና የሚደርስበት ቀን በማኅተም ይሰጠን።
2ኛ/ መኪናዋ የቆመችበት ጊዜ በሙሉ በዋስትናው ላይ ይጨመርልን።
3ኛ/ ዕቃው ካልደረሰ ከአዲሶቹ ላይ ተፈትቶ ይገጠም፣ ወይም መጠባበቂያ መኪና ይሰጠን።

እንደኛው መኪናችሁ በዋስትና ጥገና ተይዛ የምትጠብቁ ሁሉ፣ በተለይ በታክሲ የምትተዳደሩ፣ ያስገባችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኑ። አንድ ሰው ሲሄድ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ሃያ ሆነን ስንሄድ ወንበር ይሰጠናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት