ከዋሽንግተን በፊት የሚጠየቁ አሉ

ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ በአንድ ቡና ቤት ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ እንደተለመደው አሜሪካ ላይ አረፈ። የዶላሩ መወደድ የእሷ ሥራ፣ የሱዳን ጦርነት የእሷ ሥራ። አንድ ጎልማሳ ማኪያቶውን እያማሰለ «ኤችአይቪንስ ቢሆን ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራችው እሷ አይደለች?» አለ። ማንም አልተከራከረውም። የዚህ ዓምድ የቆየ ጠብ ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

የዚያ ወሬ የትውልድ ቦታ ይታወቃልና። እ.ኤ.አ. በ1983 ኒው ዴልሂ ይታተም የነበረው «ፓትሪዮት» ጋዜጣ፣ ስሙ ያልተገለጸ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ጻፈው ያለውን ደብዳቤ አወጣ። በሽታው የመጣው አሜሪካ ፎርት ዴትሪክ ውስጥ ካካሄደችው የጦር መሣሪያ ምርምር ነው የሚል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የሞስኮው «ሊትራቱርናያ ጋዜታ» ወሬውን አነሣው፤ ከዚያ ወዲያ ዓለምን ዞረ። የጠነሰሰው ኬጂቢ ነው። የሩሲያ የውጭ ስለላ ኃላፊ የነበሩት የቭጌኒ ፕሪማኮቭም በ1992 የሶቪየት ስለላ እጅ እንደነበረበት አምነዋል።

ሳይንሱም ቢሆን ወሬውን አያግዝም። በ1959 ኪንሻሳ ላይ፣ ያኔ ሊዮፖልድቪል በምትባለው ከተማ፣ ከአንድ ሰው በተቀዳ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቷል። ዘረመልን በላቦራቶሪ ቆርጦ መቀጠል የተቻለው ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ታዲያ ለምን ታመነ? አሜሪካ በእርግጥ የፈጸመችው ግፍ ስላለ ነው። አላባማ ቱስኪጊ ውስጥ የመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸውን 400 ያህል ጥቁሮች፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም እንኳ ሳያክሙ፣ በሽታው እስከ ሞት ምን እንደሚያደርጋቸው ሲከታተሉ ኖረዋል። በ1953 የኢራኑን ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴግን ባስወገደው መፈንቅለ መንግሥት የሲአይኤ እጅ ነበረበት። ይህን መካድ ነውር ነው። ይሁን እንጂ «ያንን አድርጋለችና ይህንንም አድርጋለች» ብሎ ያለ ማስረጃ መፍረድ ከፍርድ አይቆጠርም።

የከፋው ደግሞ ሩቁን የሚከስ ሰው ቅርቡን ነጻ መልቀቁ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ለዚህ ይበቃል። ዋሽንግተን ሶሻሊስት ነኝ ባይ መንግሥትን ላለመርዳት መጀመሪያ ላይ እግሯን ጎትታለች፤ እውነት ነው። በኋላ ግን ከለጋሾች ሁሉ የበለጠውን እህል የላከችው እሷው ናት። ኢምፔሪያሊዝምን ሲያወግዝ የሚውለው ደርግ በበኩሉ በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባን በቀይ ሰንደቅ አስጊጦ አሥረኛውን የአብዮት በዓል ሲያከብር፣ ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር።

ድርቁ የሰማይ ነው ቢባል እንኳ ኮታው የማን ነበር? ገበሬው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በሚከፍለው ዋጋ የታዘዘውን ኩንታል ማስገባት ነበረበት። ምርቱ ያልሞላለት ከብቱን ሸጦ፣ ከገበያ እህል በውድ ገዝቶ፣ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ጎተራው ባዶ ሆኖ ክረምቱን የገባው በዚህ መንገድ ነው። ያንን ዋጋ የቆረጠው አዲስ አበባ የተቀመጠው መንግሥት ነው፤ ኮታውን ከደጃፉ እየቆመ ያስከፈለው ደግሞ የገዛ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር።