ችግኙ ሲቆጠር አገሩ አይጠየቅም

የትምህርት ቤት ጓሮ ልማት ግቢ ለማልበስ፣ ለተማሪዎች ምገባ ጎመንና ቀይ ሥር ለማምረት፣ ልጆችንም ከተፈጥሮ ጋር ለማስተዋወቅ የሚካሄድ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓላማዎች ብዙም አያከራክሩም፤ ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከትምህርት ቤት የሚፈለገው ሪፖርት ስንት ችግኝ እንደተተከለ የሚገልጽ ነው። ምን ዓይነት ዛፍ እንደተተከለ፣ ከየት እንደመጣና ከሁለት ክረምት በኋላ ምን እንደተረፈ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ ደግሞ መቁጠሩ ራሱ ሥራ ወደ መሆን ተጠግቷል። ከዚህ ልማድ ሥር ያለው እምነት አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ለተፈጥሮ ይበጃል የሚል ነው። እምነቱ ስሕተት ነው።

ስሕተትነቱን ለማየት ሰሜን ወሎ ውስጥ ካሉት ከሐራ፣ ከመርሳና ከወልድያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በእነዚህ ቦታዎች የተስፋፋው ቅንጬ አረም የትውልድ አገሩ የአሜሪካ ሞቃታማ ክፍል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በመጀመሪያ የታየው በድሬዳዋና በሐረርጌ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትልቅ መነሻው የተገኘው ወልድያ አካባቢ ነው። ተመራማሪዎች ይህን በ1977ቱ ድርቅ ለእርዳታ ከገባው ስንዴ ጋር ያያይዙታል፤ ነፍስ ሊያተርፍ የመጣው እህል የአረሙን ዘር ይዞ መጣ ማለት ነው። ሐራ ከወልድያ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ መሆኗና ኋላም የባቡር ሐዲድ መገናኛ ተብላ መመረጧ ለአረሙ አልከፋውም፤ አፈርና ጠጠር የጫነ መኪና ዘሩን ያለ ድካም ያጓጉዝለታል።

ቅንጬ አረም በመደብ ላይ ሲበቅል መጀመሪያ መሬት ላይ የተነጠፈ የካሮት ቅጠል ይመስላል። ከዚያ ግንዱ ብድግ ይልና ከበቀለ ከወር እስከ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ነጭ አበባ ይነሰነሳል። አንዱ ተክል ብቻውን ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። የሚነቀልበት ጊዜ ታዲያ ከማበቡ በፊት ነው። ካበበ በኋላ በባዶ እጅ የሚነቅለው ልጅ ዘሩን ይበትናል፣ ቆዳውን ያሳክከዋል፤ አስም ላለበት ደግሞ ይብሳል። አረሙን የበላች ላም ወተቷ ይመርራል። ከችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ ተሞልቶ የሚመጣው አፈርም ሆነ ከበረት የሚዛቀው ፍግ ዘሩን ይዞ ሊገባ ይችላል። የጓሮ ትምህርት ይህን ከመደቡ ላይ አሳይቶ ማስተማር ነበረበት። እንግዳ ሊመጣ ሲል ግቢውን አጭዶ ማሳመር ግን ትምህርት አይባልም።

መርሳ ካለችበት ከሐብሩ ወረዳ በስተምሥራቅ ያለው የአፋር ሜዳ ሌላው ማስረጃ ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ እንደ ቅንጬ አረም ሾልኮ አልገባም፤ በ1970ዎቹ ለጥላ፣ ለማገዶና አፈር ለመጠበቅ ታስቦ በሰው እጅ ተተከለ። ከብቱና ፍየሉ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን አዳረሱት። ከ35 ዓመት ገደማ በኋላ የተካሄደ ጥናት በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደወረረ አሳይቷል። በችግኝ ቆጠራ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ይህ መቶ በመቶ የጸደቀ ተከላ ተብሎ ይመሰገን ነበር።

ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎና ለመኖ የሚወደደው ሉኪኒያ ሁለቱም የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባወጣው የ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ይህ ማለት ከውጭ የመጣ ዛፍ ሁሉ ይቆረጥ ማለት አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬም ለብዙ ገበሬ ማገርና ማገዶ ነው። ነገር ግን ማገር የሚሰጥ ዛፍ ሌላ፣ አውሬና ወፍ የሚያኖር ዛፍ ሌላ ነው። ዋንዛ ሲያብብ ንብ ይርመሰመስበታል፤ የሾላ ፍሬ ሲበስል ርግቡም ጦጣውም መንገዱን ያውቃል። ግራርና ቁርቁራ አንዴ ከያዙ የቆላውን ሙቀት ያለ ጀሪካን ውሃ ይችሉታል። ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ግን ለዓመቱ ሪፖርት አይደርሱም።

በዚያው የ100 አስከፊ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ የቤት ድመት፣ የቤት አይጥና ፍየልም ተጽፈዋል። የጓሮ ትምህርት እንስሳን የሚያነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊወቅሰው ነው፤ ጃርት ካሮቱን ቆፈረ፣ ዝንጀሮ በቆሎውን ሰበረ ይባላል። የአገሩ አውሬ ተከሳሽ ሲሆን ሰው ይዞት የመጣው እንስሳ ምንም አይባልም።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በቀይ ቀበሮ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ይህ አውሬ ሰሜን ወሎ ውስጥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይኖራል። በመላ አገሪቱ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም። እርሻ መኖሪያውን ከሥር እየቆረሰ ወደ ላይ ሲገፋው፣ ከኋላ ደግሞ ውሻ በሽታ ይዞ ይከተለዋል። ውሻ ዘሩ ከአውሮፓና ከእስያ ግራጫ ተኩላ የወረደ፣ ከሰው ጋር ተራራውን የወጣ እንስሳ ነው። በባሌ ዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። ውሻና ቀበሮ መዳቀላቸውም እዚያው ታይቷል። ገበሬው ያለ ውሻ በጉን ከጅብ አያድንም፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ውሻው መከተቡና ሌሊት ታስሮ ማደሩ ነው፤ ይህን ጥያቄ ወደ ቤት ይዞ የሚሄድ ከተማሪ የተሻለ መልእክተኛ የለም።

በቆላውም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። የምገባ እህል ያለበት መጋዘን አይጥ ይጠራል፤ ለአይጡ ድመት ይመጣል ወይም መርዝ ይበተናል። ድመት አይጥና ወፍ አይመርጥም። በመርዝ የሞተ አይጥ የበላች ጉጉትም አብራ ልትሞት ትችላለች። ጉጉት በየሌሊቱ አይጥ የምትለቅም የአገሩ አዳኝ ናት፤ ሟርት ታመጣለች እየተባለ ግን ድንጋይ ይወረወርባታል። ተባይን በሌላ አዳኝ ለማጥፋት መሞከር ምን እንደሚያስከትል ኒውዚላንድ አይታዋለች፤ የበዛባትን ጥንቸል ለማጥፋት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስቶት የተባለች ትንሽ አዳኝ አስገባች፤ ስቶት ጥንቸሉን ትታ መብረር የማይችሉትን የአገሩን ወፎች ፈጀች። አገሪቱ አይጥን፣ ስቶትንና ፖሰም የተባለውን እንስሳ እ.ኤ.አ. እስከ 2050 ለማጥፋት በ2016 ዕቅድ አውጥታ ዛሬም እየታገለች ነው።

ባለሙያ የለም የሚል ምክንያት እዚህ አያስኬድም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሐብሩ ውስጥ ነው፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ በሪፖርቱ ላይ የችግኝ ብዛት የሚለውን ሰርዘው በምትኩ የዛፉን ስም፣ የትውልድ አገሩን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከተተከለው የተረፈውን፣ ግቢው ውስጥ የታዩትንም ወፎች ይጠይቁ። ቁጥሩ ያንሳል፤ ይነስ።