ቡናው ይጎንደል ወይስ ይቆይ?

የዛሬውን ዋጋ ማታ እለጥፋለሁ። ትናንት ሊሙ ያሉት አጎቴ ደውለው የጠየቁኝ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳኝ መጀመሪያ እሱን እናውራ።

"ስማ፣ አንተ የዋጋ ሰው ነህ። ያረጀውን ቡና ዘንድሮ ልጎንድለው ወይስ አንድ ዓመት ላቆየው?"

ለማያውቅ፦ ጉንደላ ማለት ያረጀውን የቡና ዛፍ ከጉልበት በታች ቆርጦ እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ነው። ባለሙያ ሁሉ የሚመክረው ነው፣ ልክም ነው። ያረጀ ቡና አንድ ዓመት ሰጥቶ በሌላው ይነፍጋል። ችግሩ፣ የተጎነደለው ደህና ምርት እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ የልጆች ደብተር ከየት ይምጣ?

እኔ ያለሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ቀና ስል እንጦጦ ባህር ዛፉን ለብሶ ይታየኛል። በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ ስንቴ ተቆርጦ ስንቴ አቆጥቁጧል! ቅጠሉንና ጭራሮውን ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን እያየን ነው ያደግነው። ባህር ዛፍ ለመቁረጥ ማንም አያመነታም፤ ገንዘቡ የሚመጣው በተቆረጠበት ቀን ነዋ። ቡና ግን በተቆረጠበት ቀን ገንዘቡ ይሄዳል።

ስለ ቡና ዘላቂነት ሲወራ የምሰማው ግን ስለ ካርታ ብቻ ነው። የአውሮፓ ህብረት፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አላስገባም ብሏል። ህጉ ሁለቴ ተራዝሟል እንጂ አልቀረም። የማሳው መገኛ ይመዝገብ፣ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ድንበሩ ይለካ ይላል። እሺ፣ ጥሩ ነው፤ ደኑ ከሌለ የካፋና የያዩ የጫካ ቡናም የለም። አጎቴ ግን ደን አልመነጠሩም። ቡናው ነው ያረጀባቸው። ያንን የሚጠይቅ ቅጽ እስካሁን አላየሁም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የካቲት 2017 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ አረቢካ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ አይተናል፤ ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። ማን ይፈርድበታል? ጫት ዓመት ሙሉ አያስጠብቅም። እንግዲህ ዋጋ ሲወደድ ገበሬው "ይችን ዓመት ልልቀም" ይላል፣ ሲረክስ ደግሞ ለመጎንደል አቅም ያጣል። በሁለቱም በኩል ዛፉ ያረጃል።

በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ላኪዎች ከገበሬ ጋር በቀጥታ መተሳሰር ከተፈቀደላችሁም ቆይቷል። ታዲያ ውል ስትፈራረሙ ከእሸቱ ዋጋ ጎን የጉንደላ ዓመታት ማካካሻ ለምን አይገባም? ጽድቅ ነው አላልኩም፤ የነገ ዕቃችሁን መግዛት ነው።

ለአጎቴ "ማሳውን ሦስት ቦታ ይክፈሉና ዘንድሮ አንዱን ብቻ ይጎንድሉ" አልኳቸው። ሳቁ። "እሱንማ አውቃለሁ። እኔ የጠየቅኩህ ዋጋው ይቆያል ወይ ብዬ ነው።"

ዝም አልኩ። የቡና ማሳ ያላችሁ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነብላቸዋለሁ።