ተመልካች ያጣ እሽቅድምድም ይበርዳል

ወገን፣ ሌሊት በቀለበት መንገድ መኪና የሚያሽቀዳድመውን ልጅ «ጀግና» ብለህ ቪዲዮውን ሼር ስታደርግ ለማን ነው የምታጨበጭበው? በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ጎህ ሳይቀድ መንገድ የምታጸዳው እናት፣ ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣው ወንድምህ ውድድሩ ውስጥ የሉበትም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እነሱ ናቸው።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ጉራ አይለውጠውም።

ትራፊክ ፖሊስ ራዳር ይዞ ቢቆም፣ እኛ በቴሌግራም «እዚያ ጋ አሉ» ካልን ልፋቱ ከንቱ ነው። ፖሊስ በየማዕዘኑ ሊቆም አይችልም። አንተ ግን የጓደኛህ መኪና ውስጥ አለህ። «ተው!» በለው። ካልሰማ ውረድ። ቪዲዮውም ሲደርስህ አንተ ጋ ይቁም።